የቲማቲሙ ባነርና 41 ምላሾቹ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ፎቶ ኮፒና ባነር ቤት አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሰፈራችን ነዋሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጌ ነበር፤ ሳላስበው 41 ምላሽ አፈራ። አሁን በር ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ መጨረሻው ምን ሆነ እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ክሩን፣ ጥያቄውን ከነምላሾቹ፣ ከላይ እስከ ታች በራሴ አፍ ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ ሲጽፍ ተናዶ ስለነበር ዛሬ መልሶ ቢያየው ያፍርበታል።

መድረካችን ላይ በላቲን ፊደል መጻፍ ክልክል ነው። አድሚናችን ይህን ሕግ ያወጣው አማርኛን በላቲን እየጻፉ ዓይናችንን የሚያደክሙ ልጆችን ለማስቆም ነበር። ስለ እንግሊዝኛ አጻጻፍ በግዕዝ ፊደል መከራከር ግን መብራት በጠፋበት ሱቅ ጨርቅ እንደ መምረጥ ነው። የኔም ጣጣ የተወለደው ከዚሁ ነው።

መነሻ ፖስቴ እንዲህ ነበር። አንድ የአትክልት ቤት ባለቤት የባነር ጽሑፍ በቴሌግራም ላከልኝ፤ በፊደል። ቶሜቶስ፣ ፖቴቶስ፣ ማንጎስ፣ አቮካዶስ፣ ባናናስ። በእንግሊዝኛ እንድጽፍለት ነው። በእኛ ፊደል «ስ» ያው «ስ» ናት፤ ከፊቷ ኢ ትኑር አትኑር አትናገርም። እኔም ለአምስቱም አንድ አንድ ኤስ ሰጥቼ፣ ከጎን ቲማቲምና ሙዝ ደርድሬ ምስሉን ላክሁለት። አውራ ጣት መለሰልኝ። 3 ሜትር በ1 ሜትር አትሜ ሰቀልን። በሦስተኛው ቀን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የእህቱን ልጅ አስከትሎ መጣ። ልጅቷ ብዙ አልተናገረችም። ምስሉን ኮምፒዩተሬ ላይ አስከፈተችኝና በጣቷ ቶሜቶን፣ ቀጥላ ፖቴቶን ነካች። አጎትየው በነፃ ድጋሚ እንዳትምለት ጠየቀ። ባነር የምሠራበት ፕሮግራም ደግሞ ስህተትን በቀይ አያሰምርም። ስለዚህ መድረኩን ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ የእንግሊዝኛ ቃል ሲበዛ አጻጻፉ ምን ሕግ አለው? ኪሳራውስ የማን ነው?

ምላሽ 1 አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጨዋ ሰው ነው። ቶሜቶና ፖቴቶ ሲበዙ ከኤሷ በፊት ኢ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ባናናና አቮካዶ ኤስ ብቻ እንደሚበቃቸው፣ ማንጎ በሁለቱም እንደሚጻፍ ነገረኝና ከአምስቱ ሦስቱን ማግኘቴን እንደ ማለፊያ ውጤት ቆጠረልኝ። ምላሽ 2 ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። ሰው ባነር የሚያነበው ዋጋ ለማየት እንጂ ፊደል ለመቁጠር እንዳልሆነ፣ ኢ ጎደለ ብሎ ዘንቢሉን ባዶ ይዞ የተመለሰ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። እዚያው ላይ የቲማቲም ዋጋ ተነሳ፤ እኔ ግን እሱን አልፈዋለሁ።

ምላሽ 3 የጋሼ መምህር ነው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ሙሉ ስማቸውን የምናውቀው ጥቂቶች ነን፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መምህር ነው የሚላቸው። ልጄ ብለው ጀመሩና ሕጉን በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ እንድፈልገው መከሩኝ። ባስ፣ ቦክስ፣ ዲሽ፣ ቸርች የሚባሉት ቃላት መጨረሻቸው ያፏጫል። በላያቸው ሌላ ኤስ ብትለጥፍባቸው አፍ አይታዘዝም፤ ፉጨት በፉጨት ላይ አይሰማም። ስለዚህ ተናጋሪው በመሐል ትንሽ አናባቢ ይሸጉጣል፤ ባሲዝ፣ ቦክሲዝ፣ ዲሺዝ፣ ቸርቺዝ። ያቺ አናባቢ ናት ወረቀት ላይ ኢ ሆና የምትታየው። ቃሉን አስተካክሎ መጥራት የሚችል ልጅ እነዚህን በዝርዝር መሸምደድ አያስፈልገውም። የኔ ቶሜቶ ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም አሉ። ሲበዛ ቶሜቶዝ ነው የሚባለው፤ ኢዋ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች እንጂ አፍ ውስጥ የለችም። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ኢ አለች ማለት ነው፤ የምትሰማና የምትታይ ብቻ። የምትሰማዋን ጆሮ ያስተምራል፣ የምትታየዋን ግን ከመዝገበ ቃላት በቀር የሚያስተምር የለም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ምላሽ ለኔ በቂ ነበር። እጄ ለምን እንደሳተ ገባኝ። የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። ክሩ ግን ገና መሞቁ ነበር።

በ4 አንድ የምህንድስና ተማሪ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ ስተመክ፣ ሆድ፣ የሚለው ቃል በሲኤች ያልቃል፣ ነገር ግን ኤስ ብቻ ነው የሚወስደው ብሎ የጋሼ መምህርን ሕግ በአንድ መስመር አፈረሰው። ቢያንስ ያፈረሰው መስሎት ነበር። በ6 እርሳቸው ተመለሱ፤ ደስ ብሏቸው እንደጻፉት ያስታውቃል። የስተመክ ሲኤች «ክ» እንጂ «ች» አይደለችም፤ የሞናርክም እንደዚሁ። «ክ» ስለማታፏጭ ኤሷ ብቻዋን ትበቃታለች። ሕጉ ድሮም የተነገረው ስለ ፊደል ሳይሆን ስለ ድምፅ ነው። ተማሪው ከዚያ በኋላ መምህር እያለ ነው የጠራቸው።

በመሐል በ5 አንዲት እናት ሌላ ቁስል ይዛ መጣች። የአራተኛ ክፍል ልጇ ሩፍ፣ ጣሪያ፣ የሚለውን ቃል በቪ አብዝታ፣ ሩቭስ ብላ ጽፋ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል። ልጅቷ ከራሷ አልፈጠረችውም። ሊፍ ሊቭስ ይሆናል፣ ናይፍ ናይቭስ ይሆናል ተብላ ተምራለች፤ ሩፍም በኤፍ ያልቃል፤ ታዲያ ምን አጠፋች? እናትየዋን ያናደዳት ስህተት መባሉ አልነበረም። ለምን ስህተት እንደሆነ በቤቱ ውስጥ የሚያስረዳ ሰው መጥፋቱ ነው። ይህ ጥያቄ እስከ 35 ድረስ መልስ አላገኘም።

ምላሽ 7 ከተማረ ሰው የመጣ ነው፤ ትንሽም ኩራት ነበረበት። በኦ ስለሚያልቁ ቃላት ሦስት መሥመር ዘረጋልን። ከኦ በፊት ሌላ አናባቢ ካለ ኤስ ብቻ፤ ራዲዮ፣ ቪዲዮ፣ ስቱዲዮ። ቃሉ ከረጅም ቃል የተቆረጠ ከሆነም ኤስ ብቻ፤ ፎቶ፣ ኪሎ። ከጣሊያን የመጣ የሙዚቃ ቃል ከሆነም እንደዚያው፤ ፒያኖ፣ ሶሎ። እስከዚህ ማንም አልተቃወመውም፤ እኔ ሦስቱንም ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ከዚያ ግን አንድ እርምጃ አለፈ። ቶሜቶ ከሜክሲኮ የናዋትል ቋንቋ፣ ፖቴቶ ከካሪቢያን ደሴቶች ቋንቋ፣ ሁለቱም በስፓኒሽ በኩል ገብተው እንግሊዝ አገር ስለለመዱ ኢ ተሰጣቸው፤ እንግዳ ሆነው የቀሩት ተከለከሉ ብሎ ደመደመ። በ9 አንዲት አጭር ጽሑፍ መጣች። አቮካዶም ከዚያው ከናዋትል፣ በዚያው በስፓኒሽ በኩል ነው የመጣው፤ ታዲያ የእሱ ኢ የት ወደቀች? ምላሽ 7ን የጻፈው ሰው እስከ ክሩ መጨረሻ ድምፁ አልተሰማም። እንደኔ እንደኔ አብዛኛው ነገሩ ልክ ነበር። ያቺን የመጨረሻ እርምጃ ባይራመድ ኖሮ ዛሬ እንደ ጋሼ መምህር ይጠቀስ ነበር።

8ኛው ያጽናናኝ ነው። በ1984 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ በፈረንጆቹ 1992፣ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳን ኩዌል ኒው ጀርሲ ውስጥ ትሬንተን ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ይጎበኛሉ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ ፖቴቶን በትክክል ይጽፋል። ኩዌል መጨረሻው ላይ ፊደል እንደጎደለ ይነግሩታል፤ ልጁም እየከበደው ኢ ይጨምራል። ካሜራዎቹ ሁሉ ይቀርጻሉ። እጃቸው ላይ የነበረው ካርድ ራሱ በስህተት የተጻፈ ነበር፤ ያንን ግን ማን ይሰማቸዋል። ምክትል ፕሬዚዳንት ከተሳሳተ የባነር ሠሪ ስህተት አይቆጠርም የሚል ነበር የጸሐፊው አሳብ። በ10 እርማት ገባ። ኩዌል የሳቱት በነጠላው ነው፣ እኔ የሳትኩት በብዙው ነው፤ የእሳቸው ኢ ትርፍ ናት፣ የኔ ጎዶሎ። ሁለታችን ተደማምረን አንድ ትክክለኛ ሰው እንወጣለን የሚል ነገር ጨመረበት፤ እኔም ሳቅሁ።

ከ11 ጀምሮ ነገሩ ሾለ። አንድ ጎልማሳ ይመስለኛል፤ ሲጽፍ ቃላቱን የሚወረውር ሰው ነው። ቲማቲም የሚሸጠው ሐበሻ፣ የሚገዛው ሐበሻ፣ ባነሩ ለምን እንግሊዝኛ? ሕፃናቶች በሰው ቋንቋ ፊደል እየተቀጡ የራሳቸውን እየረሱ ነው፤ የኛ መድረክም ጠላ እንደ ጠጣ ሰው ስለ አንዲት ኢ ይለፋለፋል። ከኔ ጀምሮ እስከ ጋሼ መምህር ማንንም አልማረም። 12 እሱን ደግፎ ጻፈ፤ በጣም ደግፎ።

ምላሽ 13 ታች ብሎክ የሚኖር ዲያቆን ነው። አንድም ኃይለ ቃል አልተጠቀመም። የ11ኛውን ሐሳብ ግማሹን እንደሚቀበል ገልጾ፣ ነገር ግን ስለ ራሳችን ቋንቋ የሚቆረቆር ሰው «ሕፃናቶች» ብሎ መጻፉ እንዳሳዘነው አመለከተ። ሕፃን አንድ ነው፣ ሕፃናት ብዙ ነው፤ ሕፃናቶች ግን ብዙ በብዙ ላይ ነው። መላእክቶች፣ ቃላቶች፣ መምህራኖች የሚሉትም የዚሁ ወንድሞች ናቸው። ግዕዝ አንድ ጊዜ አብዝቶታል፣ አማርኛው ደግሞ አላምን ብሎ «ኦች» ይጨምርበታል። ለ11ኛው ይህ ከስድብ በላይ ነበር። የመለሰውን አድሚን ስላጠፋው አልቆጥረውም፤ ቁጥሩ ግን ቀርቷል፣ 15 ነው።

14ን መዝለል ብችል ደስ ባለኝ። በየማለዳው ወደ ታክሲ ስትሄድ በሱቄ ደጃፍ የምታልፍ ሴት ናት። የቶሜቶን ኢ ከመፈለጌ በፊት የራሴን መስኮት እንዳነብ ጠየቀችኝ። ወጥቼ አየሁ። ከአራት ዓመት በፊት በገዛ እጄ ቆርጬ የለጠፍኩት ስቲከር ፎቶስ የሚለውን በኢኤስ ጽፎታል። ከቶሜቶና ከፖቴቶ የጎደለችው ኢ እኔ መስኮት ላይ አራት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀምጣ ኖራለች! ያን ማታ በምላጭ ፋቅኋት፤ መስታወቱ ላይ ግን ቦታዋ አሁንም በጥላ ይታያል።

ከ16 እስከ 19 ያለው ለኔ የክሩ ምርጥ ቦታ ነው። ዲያቆኑና ጋሼ መምህር ሌላው ሰው ሁሉ እንደሌለ ያህል ሁለቱ ብቻ ተጨዋወቱ። ጋሼ መምህር እንግሊዝኛም ብዙ በብዙ ላይ እንደሚጭን አስታወሱ። ቻይልድ ድሮ ሲበዛ ቺልደር ይባል ነበር፤ ያ አልበቃ ብሎ ኤን ተጨመረበትና ቺልድረን ሆነ። ዛሬ ትክክል ነው ብለን ለልጆች የምናስተምረው ቃል ያኔ የ«ሕፃናቶች» ዘመድ ነበር ማለት ነው። ያቺ የኤን ማብዣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ብዙ ቃላት ላይ ነበረች፤ ኤስ እየገፋቻት ሄዳ ዛሬ በንጹሕ መልኳ ኦክስን አብዝታ ኦክሰን ስትል ነው የምትገኘው። በሬ ላይ ብቻ ቀረች ብለው ዘጉት።

ዲያቆኑ በ17 አልባሳትን አመጣ። ልብስ በግዕዝ ሲበዛ አልባስ ነው፤ አልባሳት ደግሞ የአልባስ ብዙ። ስለዚህ እኛ ነጋ ጠባ አልባሳት መሸጫ እያልን ታፔላ ስንሰቅል ቺልድረን ማለታችን ነው፤ ሆኖም ግዕዝ ራሱ ስለፈቀደው ማንም ስህተት አይለውም። እኔ ያልጠበቅሁት ግን አህጉርን ነው። አህጉር በግዕዝ የሀገር ብዙ ነው። አማርኛ ወስዶ ነጠላ አደረገውና አፍሪካን አንድ አህጉር አለ፣ ከዚያም አህጉራት ብሎ እንደገና አበዛው። በ19 ጋሼ መምህር ተመሳሳዩን ከእንግሊዝ አመጡ። ፒ፣ አተር፣ ድሮ ነጠላው ፒዝ ነበር። ሰዎች መጨረሻው ላይ ያለችውን የ«ዝ» ድምፅ ማብዣ ናት ብለው ጠረጠሯትና ቆርጠው ጣሏት፤ ፒ የሚል አዲስ ነጠላ ተወለደ። ቼሪም ከፈረንሳይኛ ሲመጣ የራሱ «ዝ» ነበረችው፣ በዚሁ ጥርጣሬ ተቀጠፈች። አንዱ ብዙውን ነጠላ ያደርጋል፣ ሌላው ነጠላውን ብዙ መስሎት ይቆርጠዋል። እነዚህን አራት ምላሾች አትሜ ሱቅ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የሚፈልግ በፎቶ ኮፒ ዋጋ ይውሰድ።

20 ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ያጠናች ወጣት ናት። እንደ ፈረንጆቹ በ1476 የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ ያስገባውን የዊልያም ካክስተንን ወግ ነገረችን። ካክስተን በ1490 ባተመው አንድ መጽሐፍ መቅድም ላይ እንዳሰፈረው፣ በቴምዝ ወንዝ የሚጓዙ ነጋዴዎች ነፋስ ጠፍቶባቸው ወደ የብስ ወጥተው ምግብ ይጠይቃሉ። አንደኛው ዕንቁላል ፈልጎ ኤግስ ይላል። የቤቱ ባለቤት ፈረንሳይኛ እንደማትችል ትመልስለታለች። ነጋዴው ይቆጣል፤ እሱም ፈረንሳይኛ አይችልም፣ የሚፈልገው ዕንቁላል ብቻ ነው! በመጨረሻ ሌላው ኤይረን ሲላት ሴትየዋ ገባት። በሰሜን ኤግስ፣ በደቡብ ኤይረን፤ አንድ አገር፣ አንድ ዕንቁላል፣ ሁለት ማብዣ። ካክስተንም ዛሬ ሰው የትኛውን ይጻፍ ብሎ ይጨነቃል። ልጅቷ ልብ ያላለችውን እኔ አልሁት፤ ካክስተንም እንደኔ አታሚ ነበር። ፊደል ከማሽኑ ከመውጣቱ በፊት አንዱን መምረጥ ያለበት እሱ ነው። በ21 ይህንኑ ጻፍሁ፤ አንድ ሰው እንኳ አልወደደውም።

ከዕንቁላሉ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 22 የዕንቁላል ዋጋ ሆነ። 23 ወደ ውሃ ዞረ፤ የኛ ብሎክ ፈረቃ ስንት ቀን ነው የሚል። 24 ያገለገለ ፍሪጅ ይሸጣል። 25 ፍሪጁ ውሃ ያንጠባጥብ እንደሆነ ጠየቀ። 26 ደግሞ የኪራይ ውል በስንት እንደምጽፍ ከኔ ሊያውቅ ፈለገ። መለስኩለት፤ ሥራ ሥራ ነው።

በ27 ሁለተኛው ጥያቄዬ ትዝ ያለው ሰው ተገኘ፤ ኪሳራው የማን ነው? እዚህ ላይ ሰው እንዴት እንደተቧደነ ብታዩ። 27 ራሱ ነጋዴ ነው፣ ደንበኛ ምንጊዜም አይከሰስም አለ፤ ሙያው የኔ ስለሆነ እኔ ልክፈል። 28 የአውራ ጣቷን ነገር አነሳ። ምስሉን አይቶ አውራ ጣት የላከ ሰው ፈርሟል፤ ከፈረመ በኋላ ያለው የራሱ ነው። 29 በአውራ ጣት ውል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ አንዳንዱ አውራ ጣት የሚልከው ደርሶኛል ለማለት እንደሆነ ተከራከረ። 30 ትንሽ ከበድ ያለ ስድብ ነበረው፤ ባነር ቤቶችን በሙሉ ማንበብ የማይችሉ ቆራጮች አላቸው። አድሚኑ አስጠነቀቀ። እኔ ምንም አልመለስኩም፤ የፎቶስ መስኮት ገና አልደረቀልኝም ነበር።

31 ሳይታሰብ ነገሩን ወደ አትክልት መለሰው። ለንደን የኖረ ሰው ነው። ከፊደል በላይ የምትንጠለጠለዋን ጭረት፣ አፖስትሮፊን፣ በማብዣ ኤስ ፊት መሰንቀር እንግሊዞች ዘንድ ስም የወጣለት ስህተት ነው፤ የአትክልት ነጋዴ አፖስትሮፊ ይሉታል። አትክልት ቤቶቻቸው ሰሌዳ ላይ ስለሚበዛ ነው። ጭረቷ የባለቤትነት ናት፣ የብዛት አይደለችም። እንግዲህ በአትክልት ባነር ላይ መሳሳት የኮዬ ፈጬ ፈጠራ አይደለም። በ32 አንድ ሰው እኛ ሰፈር ያለውን የሕፃናት ልብስ ቤት ታፔላ አስታወሰ፤ ቤቢ የሚለውን ዋዩን ሳይነካ ኤስ ለጥፎበታል። ከዋይ በፊት ተነባቢ ካለ ዋይ ወደ አይ ተለውጣ ኢኤስ ትከተላለች፤ ቦይና ኪይ ግን አናባቢ ስለሚቀድማቸው ዋያቸው አትነካም። ይህ ሕግ ከሌሎቹ ሁሉ ታማኙ ነው፤ የሚከዳው የሰው ስም ሲመጣ ነው፤ የኬኔዲ ቤተሰብ ሲበዛ ዋዩ እንዳለች ትቀራለች። በዚህ ላይ ማንም አልተጣላም።

33 የሳቅ ነበር። ፓምፐርስና ቺፕስ ከነኤሳቸው ገብተው እዚህ ነጠላ ሆነዋል፤ እኛም ፓምፐርሶች፣ ቺፕሶች እንላለን። ዲያቆኑ በ34 አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ ቺልድረን መሆናቸውን አስታወሰ።

በ35 ጋሼ መምህር የእናትየዋን ዕዳ ከፈሉ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፍ» በሁለት አናባቢ መካከል ስትገባ ወደ «ቭ» ትለሰልስ ነበር፤ ስለዚህ ሲበዙ አናባቢ የተጨመረባቸው ሊፍ፣ ናይፍ፣ ዋይፍ፣ ዉልፍ በ«ቭ» ቀሩ። ቺፍን የመሰሉ ከፈረንሳይኛ በኋላ የገቡት ይህን ልማድ አላገኙትም፣ ኤፋቸውን ይዘው ኤስ ብቻ ወሰዱ። ስካርፍና ሁፍ በሁለቱም ይጻፋሉ። ሩፍ ግን የአገር ልጅ ሆኖ ሳለ ዛሬ ከእንግዶቹ ጋር ቆሟል። የልጅቷ ስህተት ስህተት ነው፤ ያሰበችው ግን እንደ ድሮ እንግሊዝ ነው አሉ። እናትየዋ በ36 ተመለሰች። ለልጇ አንብባላታለች፤ ልጅቷም አዳምጣ ሩፍ ለምን ከእንግዶቹ ጋር እንደቆመ ጠይቃለች። ጋሼ መምህር ለዚህ አልመለሱም። በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝቻቸው ብጠይቃቸው፣ ተማሪ እንዲህ ሲጠይቅ ደወል ይደወል ነበር ብለው ሳቁ።

37 ላይ ደነገጥኩ። ባለ ባነሩ ራሱ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በጸጥታ ሲያነብ ኖሯል። አውራ ጣቱን የላከው መኪና ላይ ሆኖ፣ ከኃይሌ ጋርመንት አትክልት ሲጭን እንደነበርና ምስሉን አጉልቶ እንዳላየው አመነ። ገንዘብ እንደማይጠይቀኝም ጻፈ። ሐሳቡ ሌላ ነው፤ ኢ ከመጨመር ኤስ መቀነስ። ደንበኞቹ ሲመጡ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ነው የሚሉት፤ ሁለት ኪሎ ቲማቲሞች ያለው ሰው በሕይወቱ አላጋጠመውም። አማርኛ ለገበያ ነጠላ ይበቃዋል፤ ታዲያ ባነሩም ይብቃው። ልክ ነበር። ባነሩ ላይ ኢ የምትገባው በኦና በኤስ መሐል ነው፤ እዚያ ደግሞ ቦታ የለም። ኤስ ግን መጨረሻ ላይ ናት፣ ትሸፈናለች። 38 ተቃወመ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ካለፈ ሱቁ ውስጥ አንድ ቲማቲምና አንድ ድንች ብቻ የቀረ ይመስለዋል። 39 ታዲያ ቶሎ ገብቶ ይግዛዋ ሲል መለሰ። 40 ከአማት ጋር የተያያዘ ቀልድ ነው። እንግሊዝኛው አማትን ሲያበዛ ኤሷን መጨረሻ ላይ ሳይሆን እናት ላይ እንደሚለጥፋት ከጠቀሰ በኋላ ወዴት እንደሄደ ታውቁታላችሁ። 41 የአድሚኑ ነው፤ ክሩን ቆለፈ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ።

ቅዳሜ አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች ከስቲከር ቆርጬ መሰላል ይዤ ሄድኩ። በአምስቱም ኤስ ላይ አንድ አንድ ቅጠል ለጠፍኩ። የእህቱ ልጅ ከታች ቆማ ቀኝና ግራዬን ስታስተካክል ዋለች። ለሥራዬ አንድ ኪሎ ቲማቲም ተሰጠኝ፤ በነጠላ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐዩ የማንጎን ቅጠል ልጦ አውርዷታል፣ ኤሷ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች። ማንጎ በሁለቱም ስለሚጻፍ ዝም ብዬ አለፍሁ።